ቀርከሃ በብልቃጥ፤ የሕብረ ሕዋስ ብዜት ታሪክና ለአገራችን ያለው ትርጕም

መግቢያ

በአገራችን ቀርከሃን የማያውቅ ሰው የለም ለማለት ይቻላል። የሲዳማና የዶርዜ ቤት የሚቆመው በእርሱ ነው፤ በአዊ አገር አጥሩ፣ ቀፎው፣ ምንጣፉና ቅርጫቱ ከእርሱ ይሠራል፤ የቆላው ሽመል በእረኛው እጅ በትር ነው፤ በቤኒሻንጉል የሚኖሩት ጉሙዞችና በርታዎች ደግሞ ለጋውን ቡቃያ በክረምት ወራት ይመገቡታል። ዳሩ ግን ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጠው ተክል እንዴት እንደሚራባ ብንጠይቅ፣ መልሱ እንደ ጥቅሙ የታወቀ ሆኖ አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው፣ ቀርከሃን በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ከጥቂት ሕብረ ሕዋስ ለማራባት የተደረገውን ጥረት ታሪክ ነው። ባለሙያዎች ዘዴውን ቲሹ ካልቸር ብለው ይጠሩታል። ታሪኩን የምንተርከው ግን ለትረካው ብቻ ብለን አይደለም። ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የብልቃጡ ዘዴ ሰውን ቀርከሃው አብቦ ዘር እስኪሰጥ ድረስ ከመጠበቅ ያዳነው ቢሆንም፣ ቀርከሃውን ራሱን ከተወሰነለት ዕድሜ አላዳነውም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳይረዳ ተከላ የጀመረ ሰው፣ ደን የተከለ እየመሰለው፣ አንድ ቀን በአንድነት የሚሞት የአንድ ተክል ግልባጭ ብቻ ተክሎ ሊገኝ ይችላል።

በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. የቀርከሃ ጠባይ

ቀርከሃ እንደ ዛፍ ቢረዝምም በወገኑ ሣር ነው፤ ከጤፍ፣ ከስንዴና ከሸንበቆ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይቈጠራል። ነገር ግን ስንዴና ጤፍ በየዓመቱ አብበው ዘር ሲሰጡ፣ ብዙዎቹ የቀርከሃ ዓይነቶች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባሉ፤ ዘራቸውን ካፈሰሱ በኋላም ይሞታሉ። የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ ከአንድ ትውልድ የተገኙት ተክሎች፣ በልዩ ልዩ ቦታ ቢተከሉም እንኳ፣ በአንድ ወቅት ገደማ ማበባቸው ነው። በቻይናና በጃፓን የሚታወቀው ፊሎስታኪስ ባምቡሶይደስ የሚያብበው በ120 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሚበቅለው ሜሎካና ባክሲፌራ ደግሞ 48 ዓመት ያህል ይቈያል።

ይህ ጠባይ የዕፀዋት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት ነገር አይደለም። በሕንድ የሚዞራም ሕዝብ የሜሎካናን ማበብ «ማውታም» ይለዋል፤ ትርጕሙም የቀርከሃ ሞት ማለት ነው። ቀርከሃው ሲያብብ በጫካው ውስጥ ብዙ ፍሬ ይወድቃል፤ አይጦች ፍሬውን እየበሉ ይራባሉ፤ ፍሬው ሲያልቅ ወደ እርሻና ወደ ጎተራ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ራብ ይሆናል። በ1911 እና በ1912 የሆነውን ያዩ ሽማግሌዎች ዓመቱን ቈጥረው፣ ማውታም በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደሚመለስ ያውቁ ነበር። የሚዞ አውራጃ ምክር ቤትም በ1958 አስቀድሞ እርዳታ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ አገሩን ያስተዳድር የነበረው የአሳም መንግሥት ግን ነገሩን እንደ ባላገር ተረት ቈጥሮ በሚገባ አልሰማቸውም። በ1959 ራቡ በእርግጥ መጣ። ለራቡ እርዳታ በ1960 የተቋቋመው ማኅበር በተከታዩ ዓመት የፖለቲካ ድርጅት ሆነ፤ በ1966 ዓመፅ ተነሣ፤ የሰላም ውልም እስከ 1986 ድረስ አልተፈረመም። አንድ ሣር አበበ ተብሎ የአንድ አገር ታሪክ እስከዚህ ድረስ ሊለወጥ ችሏል።

እንዲህ ረጅም ጊዜ ጠብቆ በአንድነት ማበብ ለተክሉ ምን ይጠቅመዋል? አሜሪካዊው ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን በ1976 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፍሬው በአንድ ጊዜ እጅግ ሲበዛ ለቃሚዎቹ አይጦችና ወፎች በልተው ሊጨርሱት ስለማይችሉ፣ የሚተርፈው ፍሬ ትውልዱን ይተካል ሲል አስረድቷል። ለቀርከሃው የሚበጀው ይህ ጥበብ ለገበሬው ግን ችግር ነው። ዘር በተፈለገ ጊዜ አይገኝም፤ በተገኘ ጊዜም በአንድነት ይፈስሳል፤ የብዙዎቹ ዓይነቶች ዘር ደግሞ ሳይቈይ የመብቀል ኃይሉን ያጣል።

ስለዚህ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ቀርከሃን የሚያራባው ከነሥሩ እየነቀለ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለውን አገዳ ከመሬት ውስጥ ግንዱ ጋር ቈፍሮ ያወጣል፤ ጫፉን ቈርጦ በሌላ ቦታ ይተክለዋል። ዘዴው ለአጥር ግቢና ለጓሮ በቂ ነው። ለሰፊ ተከላ ግን አይሆንም፤ አንድ ሰው ሊሸከም የሚችለው ጥቂት ብቻ ነው፤ ቍፋሮውም እናቲቱን ቍጥቋጦ ይጐዳታል።

ለ. ብልቃጡ ከየት መጣ

አሁን ከቀርከሃው ጥቂት ራቅ ብለን፣ የብልቃጡ ዘዴ እንዴት እንደ ተገኘ እንመልከት። ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሃበርላንት በ1902 አንድ ሐሳብ አቀረበ። እያንዳንዱ የተክል ሕዋስ ሙሉውን ተክል የመሆን ኃይል በውስጡ ስላለው፣ ተስማሚ ምግብ ቢያገኝ ለብቻው ሊያድግ ይችላል አለ። ከቅጠል የለያቸውን ሕዋሳት በምግብ ፈሳሽ ውስጥ አኖራቸው። ሕዋሳቱ ለጥቂት ሳምንታት ኖሩ፤ ወፈሩም፤ ነገር ግን አንዱም ለሁለት አልተከፈለም። ሙከራው ቢከሽፍም ሐሳቡ ግን ተከታዮችን አፈራ።

በ1934 አሜሪካዊው ፊሊፕ ኋይት የቲማቲም ሥር በብልቃጥ ውስጥ ያለማቋረጥ እንዲያድግ አደረገ። በ1939 እርሱና ሁለት ፈረንሳውያን፣ ጎትሬና ኖቤኩር፣ ሦስቱም በየፊናቸው፣ የተክል ሕብረ ሕዋስ ሳይሞት ያለገደብ ሊያድግ እንደሚችል አሳዩ። ዳሩ ግን ያደገው ቅርጽ የሌለው እብጠት እንጂ ቅጠልና ሥር ያለው ተክል አልነበረም። እብጠቱን ወደ ተክል የሚለውጠው ቍልፍ ገና አልተገኘም ነበር።

ቍልፉ የተገኘው በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1955 ካርሎስ ሚለር፣ ፎልከ ስኩግና ጓደኞቻቸው፣ ከሄሪንግ ዓሣ የዘር ፈሳሽ ከተገኘ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ሕዋስ እንዲከፈል የሚያደርግ ቅመም አወጡ፤ ካይኔቲን ብለውም ሰየሙት። በ1957 ደግሞ ስኩግና ሚለር የሁለት ሆርሞኖች ሚዛን የተክሉን መልክ እንደሚወስን አስረዱ። ኦክሲን የሚባለው ሲበዛ ሥር ይወጣል፤ ካይኔቲንን የመሰለው፣ ማለትም ሳይቶካይኒን የሚባለው፣ ሲበዛ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ቅርጽ የሌለው እብጠት ብቻ ይሆናል።

ይህን ሕግ የእንሰት ገበሬዎቻችን በስሙ ባያውቁትም በሥራ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ገበሬው እንሰቱን ከአሚቾው በላይ ቈርጦ፣ መካከለኛውን የእድገት ጫፍ ፈልፍሎ ያወጣና አሚቾውን በፍግ ይቀብረዋል። ጫፉ ሳይነካ ቢቀር አንድ ግንድ ብቻ በሆነ ነበር፤ ጫፉ በመጥፋቱ ግን በዙሪያው የተኙት ዓይኖች ሁሉ ይነቃሉ፤ ከአንድ አሚቾም በብዙ አሥር የሚቈጠሩ ችግኞች ይወጣሉ። የላይኛው ጫፍ ወደ ታች በሚልከው ኦክሲን የጎን ዓይኖችን አስተኝቶ ይይዛልና። በብልቃጥ ውስጥ ሳይቶካይኒን የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ዓይኖቹን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1958 ስቱዋርድ ከካሮት ሕዋሳት ሙሉ ተክል ማብቀል እንደሚቻል አሳየ፤ በሃበርላንት ሐሳብና በዚህ ፍጻሜ መካከል 56 ዓመታት አልፈዋል። በ1960 ፈረንሳዊው ዦርዥ ሞሬል ኦርኪድ የተባለውን የአበባ ተክል ከእድገት ጫፉ አራባ፤ የአበባ ነጋዴዎችም ዘዴውን ወዲያው ያዙት። በ1962 ደግሞ የስኩግ ተማሪ የነበረው ቶሺዮ ሙራሺጌ ከመምህሩ ጋር አንድ የምግብ ቀመር አወጣ። ሙራሺጌ የተነሣው በትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ውስጥ አዲስ የእድገት ቅመም አገኛለሁ ብሎ ነበር። ሲመረምር ግን የጭማቂው ኃይል ከተራ ማዕድን ጨዎች የመጣ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ጨዎቹን በትክክል መዝኖ ቀመሩን ሠራ። ይህ ቀመር እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላቦራቶሪዎች ዋነኛው ነው፤ ቀርከሃም የሚያድገው በአብዛኛው በእርሱ ነው።

ሐ. ቀርከሃ ወደ ብልቃጥ ሲገባ

ካሮትና ትምባሆ በቀላሉ ሲታዘዙ ሣሮች ግን አስቸጋሪዎች ሆነው ቈይተው ነበር። የቀርከሃን ነገር በዋናነት የያዙት ሕንዳውያን ናቸው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። አገሪቱ ሰፊ የቀርከሃ ደን አላት፤ የወረቀት ፋብሪካዎቿ ቀርከሃ ይፈልጋሉ፤ የማበብና የመሞት ጣጣም በቅርብ የምታውቀው ነው። የደልሂ ዩኒቨርሲቲም በዕፀዋት ፅንስ ጥናት የታወቀ ቤት ነበር፤ በ1964 ሲፕራ ጉሃና ሳቲሽ ማሄሽዋሪ ከአስተናግር ወገን የሆነን ተክል የወንዴ አበባ ክፍል በብልቃጥ አሳድገው ዓለምን ያስደነቁት በዚሁ ቤት ነው።

በ1968 አሌክሳንደርና ራኦ የቀርከሃን ፅንስ ከዘሩ አውጥተው በብልቃጥ ማሳደጋቸውን አሳወቁ። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ዘር አንድ ተክል ብቻ ስለሚገኝ ገና ብዜት አልነበረም። በ1982 ኡሻ መህታ፣ ራማኑጃ ራኦና ሞሃን ራም፣ የደልሂ ሰዎች፣ ባምቡሳ አሩንዲናሴያ ከሚባለው ቀርከሃ ዘር ተነሥተው ብዙ አዳዲስ ፅንሶች እንዲወጡ አደረጉ። በ1985ም ዴንድሮካላመስ ስትሪክተስ በሚባለው ላይ ይኸው ተደገመ። እንግዲህ ከአንድ ዘር ብዙ ተክል ማግኘት ተቻለ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ቀረ። ከዘር የመጣ ተክል አድጎ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ገበሬው ግን የሚፈልገው ጥሩነቱ በዓይን የታየውን፣ የወፈረውንና የቀናውን ቍጥቋጦ ማብዛት ነው። ለዚህ ደግሞ ካደገው ተክል አንጓ መነሣት ያስፈልጋል። አንጓው በውስጡ ጥቃቅን ሕዋሳትን ይዞ ስለሚመጣ ብልቃጡ ይበላሻል፤ የተቈረጠው ፊት ይጠቍራል፤ ቀንበጥ ቢያወጣም ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ሳክሴናና ቦጅዋኒ በ1993 ከአራት ዓመት ተክል ተነሥተው መሳካታቸውን ያሳወቁት ከብዙ ድካም በኋላ ነው።

መ. የሥራው ሥርዓት

የሥራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ እንግለጸው። ከተመረጠው ቍጥቋጦ የጎን ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዓይን ያለው አንጓ ይቈረጣል። በሳሙና፣ ቀጥሎም በበረኪና ወይም ይህን በመሰለ መድኃኒት ይታጠባል። ከዚያም ጨው፣ ስኳርና ሳይቶካይኒን ባለበት፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ ከጀርም በጸዳ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ዓይኑ ሲነቃ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ እነርሱም በየጥቂቱ ሳምንት ተከፋፍለው ወደ አዲስ ብልቃጥ ይዛወራሉ። ቀርከሃ በዚህ ጊዜ አንድ ልዩ ጠባይ ያሳያል፤ ቀንበጡን ለብቻው ቢነጥሉት ብዙውን ጊዜ ስለሚደክም፣ ሦስት ያህል ሆኖ በዘለላ መከፈል አለበት። በመጨረሻ ኦክሲን ባለበት ምግብ ላይ ሥር ያወጣል፤ እርጥበቱ በተጠበቀ የላስቲክ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ከአየሩ ጋር ተላምዶም ወደ መደብ ይወጣል።

የዘዴው ኃይል በስሌት ይታያል። አንድ ዘለላ በየአራት ሳምንቱ ሦስት ቢሆን፣ ከአሥር ዙር በኋላ፣ ማለት ዓመት ሳይሞላ፣ 59,049 ይሆናል። በብልሽትና በሞት የሚጠፋው ብዙ ስለሆነ በተግባር ቍጥሩ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ተቈፍሮ በሰው ትከሻ ከሚጓዘው ጋር አይወዳደርም።

ሠ. የአንድ ተክል ልጆች ዕጣ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የድል ታሪክ ይመስላል። ሁለት ነገሮች ግን እንድናስብ ያስገድዱናል።

የመጀመሪያው በ1907 ይጀምራል። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሰብሳቢ ኧርነስት ዊልሰን በቻይና በሁቤይ አገር አንድ ውብ ቀርከሃ አገኘ። ከዚያ የተገኘ አንድ ተክል ወደ አሜሪካ፣ በ1913ም ወደ እንግሊዝ አገር ኪው የዕፀዋት ማኖሪያ ተላከ። ስሙም በዊልሰን ልጅ በሙሪየል ስም ተሰየመ። በአውሮፓ አትክልት ቦታዎች የተተከለው የዚህ ዓይነት ቀርከሃ ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ተክል በመክፈል የተራባ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህና እዚያ ማበብ ጀመረ፤ በ1990ዎቹ በየአገሩ በአንድነት አበበ፤ ሞተም። በባለቤቶቹ ዓይን ብዙ የነበረው፣ በተፈጥሮ ዘንድ አንድ ተክል ነበር። ደግነቱ ዘሩ ተሰብስቦ አዲስ ትውልድ በቀለ።

ይህ የሆነው ብልቃጥ ሳይኖር፣ በመቈፈሪያ ብቻ ነው። ብልቃጡ ይኸንኑ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ ሺህ እጥፍ ሊፈጽመው ይችላል።

ሁለተኛው በ1990 የሆነው ነው። በሕንድ በፑኔ ከተማ በብሔራዊ ኬሚካል ላቦራቶሪ የሚሠሩት ናድጋውዳ፣ ፓራሻራሚና ማስካሬኛስ፣ ገና ከለጋ ችግኝ የተወሰዱ ቀርከሃዎች በብልቃጥ ውስጥ ሳሉ እንዳበቡና ዘር እንደ ሰጡ ኔቸር በተባለው መጽሔት ገለጹ። ብዙ አሥርታት የሚጠበቀው አበባ በጥቂት ወራት ውስጥ ታየ። ለአዳቃዮች ይህ ታላቅ ምሥራች ነበር፤ ሁለት ዓይነቶችን ለማዳቀል አንድ ትውልድ መጠበቅ የለባቸውምና። እኛ ግን ሌላም ነገር እናነብበታለን። የቀርከሃው ሰዓት በብልቃጥ ውስጥም እየቈጠረ ነው፤ ሆርሞኑ ሊያፈጥነው ይችላል፤ ሊያጠፋው ግን አልቻለም።

ከዚህ የሚከተለው ከባድ ነው። ከዘር የተነሣ ችግኝ ሙሉ ዕድሜው ከፊቱ ነው። ካደገ ቍጥቋጦ የተወሰደ አንጓ ግን የእናቱን ዕድሜ ይዞ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። እናቲቱ ለማበብ አምስት ዓመት ብቻ የቀራት ከሆነች፣ አሥር ሺህ ልጆቿም አምስት ዓመት ብቻ ይቀራቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ ላቦራቶሪው አንጓውን ከመቍረጡ በፊት፣ ይህ ቍጥቋጦ ስንት ዓመቱ ነው፣ ወገኑስ መጨረሻ ያበበው መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ረ. ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። የደጋው ኦልዴያኒያ አልፒና በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጋሞ፣ በሸካና በባሌ ደጋዎች ይገኛል። የቆላው ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ፣ ማለት ሽመሉ፣ በስፋት የሚገኘው በአሶሳና በመተከል ነው። «አቢሲኒካ» የሚለው ስም ራሱ የታሪክ ምስክር ነው። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል፤ መጽሐፉም ከተሠራባቸው ስብስቦች ውስጥ ካርተን ዲዮንና ፔቲ የተባሉት ሐኪሞች የሰበሰቡት ይገኝበታል፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ቀርተዋል። በ1868 ደግሞ መንሮ ዛሬ ወደሚጠራበት ወገን አዛወረው።

የአገራችን የቀርከሃ ደን ለረጅም ጊዜ ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲባል ኖሯል፤ ከአፍሪካም ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ የሚበዛውም የቆላው ነው። በእርሻ ማስፋፋት፣ በሰደድ እሳትና ያለ ሥርዓት በመቍረጥ ከመጐዳቱ በላይ፣ በቅርብ አሥርታት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሰፊው አብቦ ሞቷል። አበባው ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከዘሩ አዲስ ደን ይበቅላልና። ጥፋቱ የሚመጣው የደረቀው ደን ሲቃጠልና ለጋው ችግኝ ሳይጠነክር መሬቱ ሲታረስ ወይም ከብት ሲሰማራበት ነው።

በሽመል ላይ የብልቃጥ ብዜት መቻሉን ሱዳናውያን ተመራማሪዎች በ2008 አሳውቀዋል። በአገራችንም ለሸንኮራ አገዳ፣ ለሙዝና ለድንች ብዜት የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። በ1997 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በቤጂንግ የሆነው ዓለም አቀፍ የቀርከሃና የራታን ድርጅትም በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት አለው። ስለዚህ ጥያቄው ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል አይደለም፤ ከየትኛው እናት እንነሣ የሚል ነው።

አንዳንዶች፣ ምርጥ የሆነውን አንድ ቍጥቋጦ መርጦ እርሱን ብቻ ማብዛት ለፋብሪካ ይበጃል ይላሉ። እውነት ነው፤ እኩል ውፍረት ያለው አገዳ ለወለል ጣውላና ለጥርብ ሥራ ይመቻል። ነገር ግን ፋብሪካው በአንድ ወቅት የጥሬ ዕቃው ሁሉ ቢያብብበት ምን ይሆናል? እኛ የሚሻለው መካከለኛው መንገድ ነው እንላለን። ሽመል ባበበ ጊዜ ከልዩ ልዩ ቦታና ከብዙ ቍጥቋጦ ዘር ይሰብሰብ፤ ከእያንዳንዱም ጥቂት ችግኝ በብልቃጥ ይብዛ፤ የሚታደሉትም ተደባልቀው ይታደሉ፤ የእያንዳንዱ የትውልድ ቦታና የአበባ ዓመት ይመዝገብ። እንዲህ ሲሆን ብልቃጡ የደኑ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም።

መደምደሚያ

ይህ ጥናት የታሪክ ተማሪዎችንም ድርሻ ያሳያል። የሚዞ ሽማግሌዎች ማውታምን ቈጥረው ሲናገሩ ትክክል ነበሩ፤ ያልሰማቸው መሥሪያ ቤት ተሳስቷል። በአሶሳ፣ በመተከል፣ በእንጅባራና በማሻም ቀርከሃው መቼ እንዳበበ፣ ከዚያም ምን እንደ ሆነ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ይገባል። የአበባው ዓመት በሠርግ፣ በዘመቻ ወይም በድርቅ ዘመን እየተቈጠረ በቃል ሊገኝ ይችላል፤ ያንን ከተጻፈው ዓመት ጋር አስተያይቶ መመዝገብ ደግሞ የእኛ ትምህርት የሚያስተምረን ሥራ ነው። የዕፀዋት ተመራማሪው ጓደኛችን ብልቃጡን ይዟል፤ ዓመቱን የሚነግረው ግን ይፈልጋል። ዕረፍት ሲደርስ ወደየአገራችን ስንሄድ፣ ይህን አንድ ጥያቄ በደብተራችን ጽፈን ይዘን ብንሄድ ለሳይንስም ለገበሬውም የሚጠቅም ፍሬ ይዘን እንመለሳለን።